ስሪቪጃያ በአንድ ወረራ ነው የጠፋችው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ሰላም ነዎት? ጅቡቲ ወደብ በትራንዚት ሥራ ላይ ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬን ታሪክ አነባለሁ። ስለ ስሪቪጃያ ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። አንድ ቦታ ላይ የማላካን ሰርጥ ለ600 ዓመት የገዛች የባህር ኃያል ይሏታል። ገጹን ሲገልጡት ደግሞ በ1025 የቾላ ንጉሥ ወርሮ አጠፋት ይላል። ያን ያህል ኃያል ከነበረች በአንድ ወረራ እንዴት ትጠፋለች? ደግሞስ ግንቧ፣ ቤተ መንግሥቷ የታለ? የካምቦዲያውን የአንኮርን ፎቶ አይቻለሁ፣ የጃቫውን የቦሮቡዱርንም አይቻለሁ። የእሷን ግን የትም አላገኘሁም።»

እህቴ፣ የመልሱን ግማሽ እዚያው ሥራሽ ላይ ታይዋለሽ። ዕቃ ከመርከብ ወደ መርከብ ሲዞር፣ መጋዘን ሲያድር፣ ቀረጥ ሲከፈልበት፣ ደላላው ድርሻውን ሲይዝ በየቀኑ የምታይ ሰው ነሽ። ስሪቪጃያ ከሞላ ጎደል ይህ ነበረች። ቻይናና ምዕራቡ ዓለም መሃል የተቀመጠች፣ መርከብና ሰይፍ የታጠቀች ደላላ።

በአጭሩ፣ በ1025 አልጠፋችም። ክፉኛ ተመታች እንጂ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1028፣ መልእክተኞቿ እንደገና ቻይና ቤተ መንግሥት እጅ መንሻ ይዘው ቆመው ነበር። የጨረሳት ገዢና ሻጭ ያለ እሷ መገናኘታቸው ነው፤ እሱም ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ ነገር ነው። ረጅሙን መልስ የምትፈልጊ ከሆነ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ዋና ከተማዋ የዛሬዋ ፓለምባንግ ናት፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በሱማትራ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ፣ በሙሲ ወንዝ ዳር። ከባህሩ ወደ ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ትላለች። የባህር ኃያል ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል ካልሽ፣ ወንዙ ከማዕበልም ከዘራፊም ይከልላል። የሚጠጣ ውሃ አለ። ከላይ ከደጋው ወርቅና የጫካ ሙጫ በታንኳ ይወርዳል። የወንዙ አፍ ደግሞ በሱማትራና በማሌይ ባሕረ ገብ መሬት መሃል ወዳለው ማላካ ሰርጥም፣ ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ጃቫም የሚወስደው የባህር መንገድ ላይ ይከፈታል። ወደብ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ከዚያ ነፋሱ አለ። በዚያ ባህር ነፋሱ ግማሹን ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን ወደ ሌላው ነው የሚነፍሰው። ከአረብ ወይም ከሕንድ ተነስቶ ቻይና የሚሄድ የሸራ መርከብ ብዙ ጊዜ ሰርጡ አካባቢ ቆሞ ነፋስ እስኪዞር ወራት ይጠብቃል። ወራት የሚጠብቅ መርከበኛ ደግሞ ምግብ፣ ውሃ፣ መጋዘን፣ የመርከብ ጥገና፣ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ያቀረበ ወደብ ሀብታም ይሆናል።

ይህን ከማንም በላይ በደንብ የሚያሳየን ዪጂንግ የሚባል ቻይናዊ የቡድሃ መነኩሴ ነው። በ671 ከደቡብ ቻይናዋ ወደብ ከጓንግዡ በፋርስ ሰዎች መርከብ ተሳፍሮ 20 ቀን ሳይሞላው ስሪቪጃያ ደረሰ። ስድስት ወር ተቀምጦ የሳንስክሪት ሰዋስው ተማረ። ከተማይቱ ውስጥ ከ1,000 በላይ መነኮሳት አሉ ይላል። ሕንድ ሄዶ መማር የሚፈልግ ቻይናዊ መጀመሪያ እዚህ አንድ ሁለት ዓመት ይለማመድ ብሎም ይመክራል። እሱ ራሱ ሕንድ ናላንዳ ገዳም አሥር ዓመት ያህል ተምሮ ተመልሶ ስሪቪጃያ ተቀመጠና መጻሕፍት መተርጎም ያዘ። በ689 ወረቀትና ቀለም አለቀበት። ላኩልኝ የሚል ደብዳቤ ለመስጠት ወደብ ላይ ወደቆመ መርከብ ወጣ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ተነሳ፣ ሸራው ተወጠረ፣ መርከቡ ሄደ። ሰውዬው ሳይዘጋጅ፣ መጻሕፍቱን ሁሉ ጥሎ ጓንግዡ ደረሰ! በዚያው ዓመት ረዳቶች ይዞ ተመለሰ። ነፋስ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

እንግዲህ ይህች ወደብ እንዴት ሌሎቹን ወደቦች ገዛች? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያንቺ ጥያቄ ያለው እዚሁ ነውና።

ከማሌይ ባሕረ ገብ መሬት እስከ ሱማትራ ጫፍ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀለም የሚቀቡ ካርታዎች አሉ። እኔ አልወዳቸውም፤ ሰውን ያሳስታሉ። ስሪቪጃያ ወታደር ያሰፈረችበት ሰፊ ግዛት አልነበራትም። የነበራት ገባር ነው። በየወንዙ አፍ የራሱ አለቃ ያለው ወደብ አለ። አለቃው ለፓለምባንግ ንጉሥ ይምላል፣ ዕቃውን ወደ እሱ ያሳልፋል፣ ሲጠራ ጀልባና ሰው ይዞ ይመጣል። በምላሹ ከቻይና ሐርና ሸክላ፣ ከንጉሡ ደግሞ ሹመትና ሞገስ ያገኛል።

መሐላው ቀልድ አልነበረም። ቴላጋ ባቱ በሚባል ቦታ የተገኘ ድንጋይ አለ። ከላይ ሰባት የእባብ ራሶች ጎልተው ወጥተዋል። ከሥራቸው በጥንታዊ ማላይ ቋንቋ ረጅም እርግማን ተቀርጿል። ከድንጋዩ ግርጌ ውሃ መውረጃ አለ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ውሃ በጽሑፉ ላይ ይፈስሳል፣ ሹማምንቱ ያንን ውሃ ጠጥተው ይምላሉ። የከዳ እንደሆነ የጠጣው ግዝት ከሆዱ ውስጥ ይገድለዋል ማለት ነው። ጽሑፉ የሚያስጠነቅቃቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፦ ልዑላን፣ የጦር አዛዦች፣ ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የመርከብ አዛዦች፣ ነጋዴዎች፣ እያለ እስከ ንጉሡ ልብስ አጣቢዎች ድረስ ይወርዳል። አስቢው፣ ንጉሡ ልብስ አጣቢውንም ይፈራል! ከፓለምባንግ ትይዩ ባለችው ባንግካ ደሴትም በ686 የተጻፈ ተመሳሳይ የእርግማን ድንጋይ አለ። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ጃቫን ሊወጋ መነሳቱንም ይናገራል።

ጦሩስ? በ683 የተጻፈው የኬዱካን ቡኪት ድንጋይ ዳፑንታ ህያንግ የሚባለው ገዢ 20,000 ሠራዊት ይዞ መዝመቱን፣ 1,312 ሰው በእግር መሄዱን ይቆጥራል። የባህሩ ጉልበት ግን በጀልባ ላይ ተወልደው በጀልባ ላይ የሚሞቱት የባህር ሰዎች ናቸው፤ ማላዮች ኦራንግ ላውት ይሏቸዋል። ድንጋዩንም፣ ጥልቁንም፣ ሞገዱንም እንደ ደጃፋቸው ያውቁታል። ንጉሥ ሲወዳቸው መርከብ ይመራሉ፣ ይጠብቃሉ። ንጉሥ ሲደክም እነዚያው ሰዎች ዘራፊ ይሆናሉ። ይህን ያዥልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ዕቃውን ደግሞ አንቺ በስሙ ታውቂዋለሽ። ከሱማትራ ካምፎር፣ ከምሥራቅ ደሴቶች ቅርንፉድና ገውዝ፣ ከማሌይ በኩል ቆርቆሮ። ከአረብ አገር ዕጣን። ከቻይና ሐርና ሸክላ። በ1998 ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የሰመጠ የ9ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ተገኝቷል፤ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ፣ በአረብ አሠራር የተሠራ ነው። ውስጡ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ነበር፤ አንዱ ሳህን ላይ 826 ላይ የሚውል ቀን ተጽፏል። አንድ መርከብ ብቻ ነው ይህ! የሱማትራው ሙጫ ደግሞ በአረቦች ዘንድ ሉባን ጃዊ ይባላል፣ የጃቫ ዕጣን ማለት ነው፤ ሱማትራንም ጃቫ ብለው ስለሚጠሯት። ገበያ ላይ ጃዊ ሲባል ሰምተሽ ከሆነ፣ ስሙ የመጣው ከዚያ ባህር ነው።

አረቦቹ ስለዚህ ንጉሥ ብዙ አውርተዋል። ዛባጅ ይሉታል አገሩን። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አቡ ዘይድ የሚባለው የሲራፍ ሰው የጻፈው ወሬ እንዲህ ነው፦ በየጠዋቱ አሽከሩ የወርቅ ጡብ ያመጣል፣ ንጉሡም ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወዳለው ኩሬ ይወረውረዋል። የባህሩ ውሃ ሲሞላ ይሸፍነዋል፣ ሲጎድል በፀሐይ ያብለጨልጫል። ንጉሡ ሲሞት ጡቡ ይቆጠርና ለቤተሰቡ፣ ለሹማምንቱና ለአገልጋዮቹ ይታደላል፤ የተረፈው ለድሃ ይሰጣል። ታላቅነቱም በተወው ጡብ ብዛት ይለካል። የመርከበኛ ወሬ ነው፤ እኔ ቃል በቃል አልወስደውም። ነገር ግን የንጉሡ ሥልጣን በምን ላይ እንደቆመ በትክክል ይናገራል፦ በሚያድለው ወርቅ።

ደላላ ደግሞ ሁለቱን ወገን ማስደሰት አለበት። ስሪቪጃያዎች በዚህ ጎበዞች ነበሩ። በ860 አካባቢ ባላፑትራ የሚባለው ንጉሣቸው ሕንድ ናላንዳ ላይ ገዳም አሠርቶ የቤንጋሉ ንጉሥ ዴቫፓላ አምስት መንደር ለገዳሙ እንዲያወጣለት አስፈቀደ። በ1003 ቻይና መልእክተኛ ልከው «ለንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜ የምንጸልይበት ቤተ መቅደስ ሠርተናል፤ ስምና ደወል ስጡን» አሉ፤ ተሰጣቸው። በ1006 ደግሞ ደቡብ ሕንድ ናጋፓቲናም ላይ አካባቢውን በሚገዛው በቾላ መንግሥት ንጉሥ በራጃራጃ ፈቃድ ሌላ ገዳም ቆመ፣ የአንድ መንደር ግብርም ተሰጠው። ሃይማኖታቸው እውነተኛ ነበር፤ አቲሻ የሚባለው ታላቁ የቤንጋል መምህር እዚያ ድረስ ሄዶ 12 ዓመት ያህል ተምሯል። ግን ገዳም በተሠራበት ወደብ ሁሉ ነጋዴያቸው ዘመድ እንደሚያገኝ እነሱም አልጠፋቸውም።

ችግሩ ጠላትም ነበራቸው። በ988 ቻይና የሄደ መልእክተኛቸው በ990 ለመመለስ ጓንግዡ ሲደርስ፣ ጃቫ አገሩን መውረሯን ሰማ። አንድ ዓመት እዚያው ቆየ። በ992 እስከ ቻምፓ፣ የዛሬዋ ቬትናም ጠረፍ ድረስ ሄደ፤ ወሬው አሁንም ክፉ ነው። ተመልሶ አገራችን በቻይና ጥበቃ ሥር ትሁን የሚል አዋጅ ለመነ። ያኔም አልሞቱም።

አሁን ወደ 1025 እንምጣ። የራጃራጃ ልጅ ራጄንድራ ቾላ መርከቦቹን ልኮ አንድ ደርዘን የሚያህሉ ወደቦችን መታ። ታንጃቩር ባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ላይ ዝርዝሩ ተቀርጿል፦ ስሪቪጃያ፣ ማላዩ፣ ካዳራም ማለትም ኬዳ፣ ላሙሪ፣ ሌሎችም። የስሪቪጃያው ንጉሥ ሳንግራማ ቪጃዮቱንጋቫርማን ከነዝሆኑ ተማረከ፣ ሀብቱ ተዘረፈ፣ በዕንቁ ያጌጠው በሩ ተወሰደ። ለምን? ጽሑፉ ስለ ድል እንጂ ስለ ምክንያት አይናገርም። እኔ የማምነው የንግድ ነገር ነው፤ ቾላዎች በ1015 ራሳቸው ቻይና መልእክተኛ ማድረስ ጀምረዋል፣ መሃል የቆመውን ሰው ለምን ይወዱታል?

ቾላዎች ግን አገሩን ይዘው አልተቀመጡም። ዘርፈው፣ ስም ተክለው፣ ተመለሱ። ስለዚህ በ1028 አዲስ ንጉሥ ቻይና ደጅ ጠና። እንዲያውም አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። በ1106 የፓጋን፣ የዛሬዋ በርማ፣ መልእክተኞች ቻይና ሲደርሱ ቤተ መንግሥቱ እንደ ቾላ ሰዎች ላስተናግዳቸው አለ። የሥርዓት ሹሞቹ ተቃወሙ። «ቾላ የስሪቪጃያ ገባር ናት፤ ለእሷ በተራ ወረቀትና በተራ መሸፈኛ ነው የምንጽፈው። ፓጋን ግን ትልቅ መንግሥት ነው» አሉ። ከ80 ዓመት በፊት ንጉሧን የማረከውን አገር ስሪቪጃያ እንደ ገባሯ አስመዝግባዋለች! ጓንግዡ የተቀመጠ የጉምሩክ ደላላ የማይሠራው ተአምር የለም።

ያም ሆኖ ወረራው የማይድን ቁስል ትቷል። መሐላ ላይ የቆመ መንግሥት ጌታው የማይደፈር መስሎ እስከታየ ድረስ ነው። የእርግማን ውሃ ያጠጣ ንጉሥ በሰንሰለት ሲወሰድ ሁሉም ወደብ አየ። ከ1080 አካባቢ ጀምሮ ወደ ቻይና የሚሄዱት መልእክተኞች ከጃምቢ ይመጣሉ፤ ጃምቢ የቀድሞዋ ገባር የማላዩ አገር ናት። የስበቱ መሃል ከፓለምባንግ መንሸራተቱን ያሳያል።

ዋናው መርዝ ግን ከቻይና መጣ፤ በጦር ሳይሆን በንግድ። ያኔ ቻይናን የሚገዛው የሶንግ መንግሥት ከባህር ንግድ የሚገኘው ቀረጥ ጣመው። በ971 ጓንግዡ ላይ፣ በ1087 ኳንዡ ላይ የባህር ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ከፈተ። በ1127 ሰሜኑን ካጣ በኋላ ደግሞ ባህሩ ይበልጥ አስፈለገው። የቻይና ነጋዴዎች ትልልቅ መርከብ ሠሩ፣ በኮምፓስ መጓዝ ጀመሩ፣ ራሳቸው ወደ ደቡብ ወረዱ። በ1178 የጻፈ አንድ ቻይናዊ ባለሥልጣን መርከቦቻቸው እስከ ደቡብ ሕንዷ ኩዊሎን እንደሚደርሱ፣ ወደ አረብ መሄድ የፈለገ እዚያ ወደ ትንንሽ መርከብ እንደሚዛወር ይናገራል።

ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ትረጂዋለሽ። ቻይናዊው ቁንዶ በርበሬውን ጃቫ ሄዶ ከገዛ፣ ካምፎሩን ከሰሜን ሱማትራ ካነሳ፣ ፓለምባንግ ለምን ይቆማል? ገባሩ ወደብስ ገዢው ደጁ ድረስ ከመጣለት ለማን ብሎ ግብር ይከፍላል? በዚያው በ1178 የመጡት የስሪቪጃያ መልእክተኞች ወደ ዋና ከተማው እንዳይገቡ፣ ኳንዡ ላይ እንዲቀሩ ተደረገ። ከእንግዲህ ተራ ነጋዴ ናችሁ ማለት ነው።

በ1225 የኳንዡ የጉምሩክ ኃላፊ የነበረው ዣው ሩግዋ ስለ አገሪቱ ጽፏል። አሁንም 15 ገባር ይቆጥርላታል። አንድ መርከብ ሳይገባ ሊያልፍ ቢሞክር ጀልባዎቿ ወጥተው ይከቡታል፣ ለመሞትም አይሳሱም ይላል። ሌሎች ይህን የኃያልነት ማስረጃ ያደርጉታል። ለእኔ ግን የደከመ ወደብ ምልክት ነው። ደንበኛ በራሱ ፈቃድ ሲመጣ በጉልበት መጎተት አያስፈልግም። ከዝርዝሩ ውስጥ ታምብራሊንጋ የምትባል ወደብ አለች። 22 ዓመት ቆይቶ፣ በ1247፣ የእሷ ንጉሥ ቻንድራባኑ በራሱ ጦር ስሪላንካን ወረረ። ገባር እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1275 የጃቫው ንጉሥ ኬርታናጋራ ወደ ማላዩ አዘመተ፤ በ1286 ለዚያ አገር ሐውልት ላከላቸው፣ እንደ በላይ ጌታ። በ1292 ማርኮ ፖሎ ነፋስ ሲጠብቅ ሱማትራ ላይ አምስት ወር ቆየና በደሴቲቱ ስምንት መንግሥታት አሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ ንጉሥ አለው ብሎ ጻፈ። ፐርላክ ላይ ሙስሊሞችን አገኘ፤ አዲስ ሃይማኖት፣ አዲስ የንግድ ዘመድ። ፓለምባንግ በ1377 አካባቢ ከቻይና ጋር በቀጥታ ለመገናኘት ስትሞክር የጃቫዋ ማጃፓሂት ቀጣቻት። ከዚያ ቻይናዊው ቼን ዙዪ የዘራፊዎች አለቃ ሆኖ ተቀመጠባት፣ እስከ 1407፤ የቻይናው የመርከብ ጦር አዛዥ ዠንግ ሄ ይዞ ወሰደው። ያዥልኝ ያልኩሽ ይሄን ነበር። ወንዙም ጀልባውም አልተለወጡም፤ የሚያድል ጌታ ግን የለም፣ ስለዚህ ጠባቂው ዘራፊ ሆነ።

ከፓለምባንግ የሸሸው ልዑል ፓራሜስዋራ በ1400 አካባቢ ማላካን መሠረተ። ዘዴው ያው ነው፦ ሰርጥ ላይ ወደብ፣ የባህር ሰዎች ታማኝነት፣ የቻይና ወዳጅነት። የእሱ ዘሮች በኋላ የትውልድ ሐረጋቸውን ከታላቁ እስክንድር ቆጥረው፣ አባቶቻቸው ፓለምባንግ ቡኪት ሴጉንታንግ ኮረብታ ላይ እንደወረዱ አስጻፉ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ግንቧ የታለ? ስሟ ራሱ ጠፍቶ ነበር። ቻይናዎቹ በአንድ ስም፣ አረቦቹ በሌላ፣ ሕንዶቹ በሌላ ይጠሯታል። ሁሉም አንድ መንግሥት መሆናቸውን ፈረንሳዊው ጆርጅ ሴዴስ ያሳየው በ1918 ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊው ቤኔት ብሮንሰን ፓለምባንግ ላይ ቆፍሮ ጥንታዊ ከተማ የሚያሰኝ ነገር አላገኘም፤ «ታዲያ የት ነበረች?» የሚል ክርክር ተነሳ። በ1980ዎቹ ፈረንሳዊው ፒየር ኢቭ ማንጋን ከኢንዶኔዥያ ባልደረቦቹ ጋር ሲቆፍር ግን የ8ኛና የ9ኛ ክፍለ ዘመን የቻይና ሸክላ ከዘመናዊዋ ከተማ ሥር ወጣ። ቤቶቹ እንጨትና ቀርቀሃ ነበሩ። ዣው ሩግዋ እንደጻፈው ሕዝቡ ወንዙ ላይ በታንኳ መደብ፣ በሣር በተከደነ ቤት ይኖራል። አንኮርና ቦሮቡዱር ብዙ ገበሬ ያላቸው፣ ሩዝ የሚያመርቱ አገሮች ሥራ ናቸው። ፓለምባንግ ያን ያህል ገበሬ አልነበራትም፤ ወርቁን ግንብ ላይ ሳይሆን ገባር ላይ ነው የምታወጣው። ከጊዜ በኋላ ጃምቢ ላይ ግን የጡብ ቤተ መቅደሶች ተሠርተዋል፤ ሙዋራ ጃምቢ ብለሽ ፎቶውን ፈልጊ።

የእባብ ራሶች ያሉትን የመሐላ ድንጋይ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ጃካርታ ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለው። ስታይው ከፊቱ ጎንበስ በይና ከግርጌው ያለችውን የውሃ መውረጃ ፈልጊ፤ ብዙ ጎብኚ እባቦቹን ፎቶ አንስቶ እሷን ሳያያት ያልፋል።